ከቺዙ ሥር

ፈንታሁን ቁራጩን ፒዛ በሁለት ጣቱ ከጠርዙ ይዞ ወደ ላይ አነሳው። ጫፉ ግን አብሮ አልተነሳም፤ እንደ እርጥብ ካልሲ ታጥፎ ቁልቁል ተንጠለጠለ። ከላዩ አንዲት ክብ የቃሪያ ቁራጭ ተንሸራታ ጠረጴዛው ላይ ወደቀች።

«አያችሁ?» አለ። የሚናገረው ለፒዛ ቤቱ ባለቤት ሳይሆን ቤቱ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ነበር። «ራሱን ችሎ መቆም የማይችል ምግብ።»

ቤቱ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር ውስጥ፣ በልብስ ሰፊና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሸጎጠ ነው። አራት ጠረጴዛ፣ አንድ የጋዝ ምድጃ፣ ወደ ጓዳ የሚያስገባ አንድ መጋረጃ፤ በቃ። ቅዳሜ ረፋድ ስለነበር ከእንዳ ኢየሱስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የወረዱ አራት ተማሪዎች አንዱን ፒዛ ለአራት ተካፍለው ይበላሉ። በሩ አጠገብ ወልደአማኑኤል የሚባል የባጃጅ ሹፌር ሻዩን ይዞ ተቀምጧል። ባለቤቱ ጠሃ ምድጃው ፊት ቆሞ ዱቄት የነካ እጁን በሽርጡ ይጠርጋል። ከፈንታሁን ጎን ልጁ ናፍቆት አለች። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቷታል። ለልደቷ ከዚህ ቤት ፒዛ እንዲያዝላት እጁን ይዛ ያመጣችው እሷ ናት፤ አሁን ግን የጫማዋን ክር ታያለች።

ፈንታሁን የታሪክ መምህር ነው። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ መቐለ ከገባ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። በእነዚህ ዓመታት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ያልተከራከረበት ጉዳይ የለም፤ ስለ ፈተና ኩረጃ፣ ስለ ሰርግ ወጪ፣ ስለ መንገድ ሥራ፣ ስለ ሕዝቡ ኋላ ቀርነት። ደወል ሲደወል ሌሎቹ ተነስተው ወደ ክፍላቸው ይሄዳሉ። እሱ ይህን እንደ ድል ይቆጥረዋል።

«ይህ ፒዛ አይደለም» ሲል ቀጠለ። «ካቻፕ የተቀባ ዳቦ ነው። ሊጡ አላረፈም። ቲማቲሙ ቲማቲም አይደለም። ቺዙን ደግሞ ፈልጌ ነው ያገኘሁት። ሥጋስ የት አለ? አንድ ጭብጥ የተፈጨ ሥጋ እንኳ? ጠሃ፣ አንተ ሰው እያታለልክ ነው።»

«ሥጋ አናደርግም፣ መምህር» አለ ጠሃ። ድምፁ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር። መቐለ የመጣው በልጅነቱ ከወሎ ነው፤ ሃያ ዓመት ነግዶባታል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ የሰማው ሰው ግን የለም።

«ለምን አታደርጉም? ሥጋ ስለሚወደድ አይደል?»

ጠሃ ዓይኑን ወደ ተማሪዎቹ መለስ አደረገ። ከአራቱ አንዷ ሂጃብ ለብሳለች፤ ከጎኗ የተቀመጠው ልጅ አንገት ላይ ማተብ ይታያል። የሁለቱም እጅ ያለው አንድ ሳህን ውስጥ ነው። ከዚያ ወደ ምድጃው ዞረ።

«እንዲሁ ነው። ቤቱ ሲከፈት ጀምሮ የለውም። አንዳንዴ በሥጋ ፈንታ ሶያ ጣል እናደርግበታለን።»

«ሶያ» አለ ፈንታሁን። ቃሉን እንደ ማስረጃ ይዞት ወደ ተማሪዎቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ሶያ።»

ሁለቱ ሳቁ። ሌሎቹ አልሳቁም። ወልደአማኑኤል ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ኣንታ መምህር፣ እኛ እኮ ርቦን ነው የገባነው። ጣልያን አገር ልንደርስ አይደለም።»

«ስለራበህ መታለል አለብህ ማለት ነው?»

ወልደአማኑኤል ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሻዩ ተመለሰ። ፈንታሁን ይህንንም አሸነፍኩ ብሎ መዘገበው።

በዚህ ጊዜ መጋረጃው ገለጥ ብሎ የጠሃ ልጅ ጁዋይሪያ የተከተፈ ሽንኩርት በሳህን ይዛ ቆማ ነበር። ከናፍቆት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አይታወቅም፤ ከፊቷ ግን ሁሉንም እንደሰማች ያስታውቃል።

«ጁዋይሪያ» አላት ፈንታሁን በሞቀ ድምፅ፤ ቁጣው ለአባቷ እንጂ ለእሷ እንዳልሆነ ሊያሳያት ፈልጎ። «ስምንት ሰዓት ቤት ነይ። ፒዛውን ዛሬ እኔ ራሴ ነኝ የምሠራው። እውነተኛውን ትቀምሻለሽ።»

ልጅቷ አባቷን አየች። ጠሃ ራሱን ነቀነቀላት።

«እሺ ጋሼ፣ እመጣለሁ።»

ውጭ እንደወጡ ናፍቆት እጁን ለቀቀች።

«ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኮ እዚያ ነው የምንበላው» አለች።

«ለዚህ ነው የተናገርኩት። ልዩነቱን እንድታውቂ።»

«ሁሉም አየኝ።»

ፈንታሁን አልሰማትም፤ ወይም ሰምቶ ሌላ ነገር መሰለው። የሚገዛቸውን ነገሮች በጣቱ እየቆጠረ ነበር።

ናፍቆትን ወደ ቤት ልኮ ከገበያው ለተኪዳን ከምትባል ጎረቤታቸው መደብ ላይ የበሰለ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርትና አንድ እፍኝ ትኩስ በሶብላ ገዛ። ቺዙን ከሱፐርማርኬት አመጣ። ከዚያ ሃይለማርያም ሥጋ ቤት ገባ። የሥጋ ቤቱ በር አናት ላይ በቀይ ቀለም ትልቅ መስቀል ተስሏል። ፈንታሁን በዚያ መስቀል ሥር አሥራ አንድ ዓመት ወጥቶ ገብቷል። ዛሬም ገባ፤ ቀና ብሎ አላየውም።

«ዳቢት ነው ሽንጥ?» አለው ሃይለማርያም።

«ሽንጥ። በደንብ ይፈጭልኝ፣ ሁለቴ።»

«ለምንድነው?»

«ለፒዛ።»

ሃይለማርያም ቢላውን አቆመ። «ይህን ሽንጥ አስፈጭተህ ሊጥ ላይ? ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ኃጢአት ነው።»

ሁለቱም ሳቁ። ያወጣው ገንዘብ ጠሃ ቤት ያሉትን አራት ጠረጴዛዎች ሁሉ ሊያበላ እንደሚችል ፈንታሁን ያውቃል፤ ግን ጉዳዩ የገንዘብ አልነበረም። የእውነት ጉዳይ ነው አለ ለራሱ። እንዲህ ያለ ነገር ለራሱ ማለት ይወዳል።

ቤት ሲደርስ ናፍቆትን ሳሎኑን እንድታስጌጥ አድርጎ የወጥ ቤቱን በር ዘጋ። ማንም እንዳይገባ አስጠነቀቀ። የፉርኖውን ዱቄት ነፋ፤ እርሾውን ለብ ባለ ውሃ በጠበጠ። ውሃ ከዓይናለም ጉድጓዶች ወደ ሰፈሩ የሚለቀቀው በሳምንት አንዴ ስለሆነ ጀሪካኖቹ በግድግዳው ጥግ ተደርድረዋል፤ ሊጡ እጁ ላይ ተጣብቆ እምቢ ሲል እጁን መታጠብ እንኳ ሳሳ። ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፎ አንድ ሰውዬ በደቂቃ ውስጥ ሊጥ ወደ አየር ሲወረውር እያየ እሱ አንድ ሰዓት ሙሉ አቦካ።

የመጀመሪያው ፒዛ ከሥር አረረ፤ መሐሉ ደግሞ ሊጥ እንደሆነ ቀረ። ፈንታሁን በሩን አየት አደረገና ከኤሌክትሪክ ዳቦ መጋገሪያው ላይ አንስቶ ቆሞ በላው፤ እያቃጠለው፣ ማንም ሳያይበት፣ እስከ መጨረሻው። ከዚያ የመጋገሪያውን ሙቀት ቀንሶ ሁለተኛውን ጀመረ።

ሁለተኛው ተሳካ። ይህን መካድ አይቻልም። ሊጡ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ተነፍቶ ወርቃማ ሆነ። ቲማቲሙን በነጭ ሽንኩርትና በበሶብላ አብስሎ ቀባው። ከላዩ በዘይት የጠበሰውን ሥጋ፣ ውሃው እስኪመጥ ድረስ ደቅቆ የተቆላውን፣ በማንኪያ ጀርባ አሰፋው። መጨረሻ ላይ ቺዙን እንደ ብርድ ልብስ አለበሰው፤ ምንም እንዳይታይ። ሥጋው ሲታይ ሳይሆን ሲነከስ እንዲታወቅ ነበር ሐሳቡ። ልጆቹ ነክሰው ፊታቸው ሲለወጥ ማየት ፈለገ።

ሦስተኛውን ሲጀምር ስልኩ ጮኸ። ባለቤቱ የትምወርቅ ናት፤ ነርስ ስለሆነች ቅዳሜን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትሠራለች።

«እንዴት እየሆነ ነው?»

«ግሩም።»

«ልጆቹ ስንት ናቸው?»

«ሰባት።»

«ጁዋይሪያም ትመጣለች አይደል? ፈንታ፣ ታዲያ ፒዛው ላይ…»

«የትሜ፣ ሁሉንም አስቤበታለሁ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ዘጋው። ሊጡ እጁ ላይ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ልጆቹ መጡ። ዳግማዊትና ኣበባ ፊኛ ይዘው፣ ሌሎቹ ደብተርና እስክሪብቶ በስጦታ ወረቀት ጠቅልለው። ጁዋይሪያ መጨረሻ ላይ መጣች፤ አረንጓዴ ሻሽ አስራለች፤ የሰፈሩ እናቶች ለልጆቻቸው ምሳሌ የሚያደርጓት ጨዋ ልጅ ናት፤ ጫማዋን በሩ ላይ አወለቀች። ፈንታሁን ለናፍቆት ገንዘብ ሰጥቶ ለስላሳ ከሱቅ እንድታመጣ ላካትና ፒዛዎቹን ራሱ እየቆረጠ ለእንግዶቹ አደለ። የመጀመሪያው ዝምታ ጣፋጭ ነበር። ልጆች ሲጣፍጣቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ ዳግማዊት «ኧረ ይሄ ሌላ ነው» አለች፤ ፈንታሁን ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሲሰፋ ተሰማው።

ጁዋይሪያ ገና አልነከሰችም። ቁራጩን ከጎኑ አዙራ ሊጡን፣ ቀዩን፣ ከቀዩ በላይ ያለውን ቡናማ ነገር ታያለች። የባለሙያ ልጅ ናት አለ ፈንታሁን በልቡ፤ የአባቷን ዳቦና ይህን እያወዳደረች ነው።

«ጋሼ» አለች ቀና ብላ። «ይህ ከቺዙ ሥር ያለው ምንድን ነው? ሶያ ነው?»

ፈንታሁን ጎንበስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። ቀልድ መጣለት፤ ቀልዱም ደስ አለው።

«ምስጢር ነው። ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ።»

ልጆቹ ሳቁ። ጁዋይሪያም ፈገግ አለች። ለአንድ አፍታ ቁራጩን እንደያዘች ቆየች፤ ትልቅ ሰው አንዴ ከመለሰ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ነውር እንደሆነ ተነግሯት እንዳደገች ያስታውቃል። ከዚያ ነከሰች።

«ይጣፍጣል» አለች ካላመጠች በኋላ።

«ከአባትሽ ይበልጣል?»

ዝም አለች። ፈንታሁን ዝምታውን ወደ ራሱ ሒሳብ ጨመረው።

ናፍቆት ለስላሳዎቹን በፌስታል ይዛ ስትመለስ የጁዋይሪያ ሳህን ላይ የቀረው ጠርዙ ብቻ ነበር። ልደተኛዋ ቁጭ ብላ አንድ ጊዜ ነከሰች። ማላመጧን አቆመች። የጁዋይሪያን ሳህን አየች፤ አባቷን አየች፤ እንደገና ሳህኑን አየች። ቁራጩን መልሳ አስቀመጠችው።

«አባዬ፣ አንዴ ና እስቲ።»

«ቆይ ልጄ፣ አራተኛው ሊያርብኝ ነው።»

«አባዬ…»

«ናፍቆት፣ እንግዳ እያለ።»

ፊቷ ቀላ። ፈንታሁን ያየው የተቀመጠውን ቁራጭ ነበር፤ ልጄ ዛሬም የዚያን ቤት ካቻፕ ነው የምትመርጠው ብሎ ቅር አለው። ይህን ሁሉ የለፋው ለእሷ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ጁዋይሪያ ተነሳች፤ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁ ሰው ስለሚበዛበት አባቷን ማገዝ አለባት። ፈንታሁን «ቆይ» አላት። ከሁለተኛው ፒዛ የተረፈውን፣ ከሁሉም የሚያምረውን ቁራጭ መርጦ በፎይል ጠቀለለው።

«ይህን ለአባትሽ ስጪልኝ። መምህር ልኮልሃል በዪው። ፒዛ ምን እንደሆነ ይየው።»

«አባዬ፣ አትስጣት» አለች ናፍቆት ከኋላው።

«ለምን?»

ልጆቹ ሁሉ ዞሩ። ናፍቆት ከንፈሯን ነከሰች። ጁዋይሪያ ፎይሉን በሁለት እጇ ተቀብላ አመሰገነች፤ ጫማዋን አድርጋ ወጣች። ናፍቆት ወደ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፤ ልደቱ ያለ ልደተኛ ቀረ።

የትምወርቅ ስትመጣ ልጆቹ ሄደው ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ፊኛና ባዶ ጠርሙስ ብቻ ቀርቷል። ፈንታሁን ሳህን እየሰበሰበ ነበር፤ አንድ ቁራጭ አስቀርቶላታል። እሷ ግን መጀመሪያ ልጇን ነው የጠየቀችው፤ መኝታ ቤት ገባች፤ ብዙ ሳትቆይ ወጣች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«ሥጋ አድርገህበታል?»

«እንዴታ። ሽንጥ ነው፣ ከሃይለማርያም።»

«ጁዋይሪያ በልታለች?»

ፈንታሁን የያዘው ሳህን ላይ የልጅቷ ጠርዝ ነበረች። ጫፏ ላይ የትንንሽ ጥርስ ምልክት አለ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ሳህኑን ቀስ አድርጎ፣ እንዳይጮህ ተጠንቅቆ፣ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

ሶያ ነው? ብላው ነበር። ሙያውን እያደነቀች አልነበረም። መብላት ትችል እንደሆን ነበር የጠየቀችው።

«ለአባቷም ልኬለታለሁ» አለ።

የትምወርቅ የውጭውን በር ከፈተችለት። አንድ ነገር ብትለው በተሻለው ነበር፤ መልስ ያገኝላት ነበር።

ከቤቱ እስከ ጠሃ ሱቅ አምስት ደቂቃ አይሞላም። ፈንታሁን መጀመሪያ ሮጠ፤ ከዚያ ሰው ሲያየው ፈጥኖ መራመድ ጀመረ። ክርክሮቹ ሳይጠሩ መጡለት፤ እንደ ታዛዥ ተማሪዎች ተሰለፉ። በሬው አንድ በሬ ነው። ቢላው ቢላ ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖር፣ በአንድ ዕድር የሚቀበር ሕዝብ በሥጋ መለያየቱ ምን ይባላል? ይህን እኮ መምህራን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሯል። ጠረጴዛ ደብድቦ ተናግሯል። አሁንም ቢናገረው ስህተት አይደለም፤ ዛሬ የሆነውንም ከዚያ ሐሳብ ጋር አያይዞ…

የለተኪዳን መደብ ጋ ሲደርስ እርምጃው ተያዘ። ሴትዮዋ የቀረ ቲማቲሟን እየሸፈነች ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት በዒድ ጠሃ ቤት ተጠርተው ነበር። ሁለት ድስት ቀረበ። ጠሃ ትንሿን ድስት ወደ ፈንታሁንና ወደ የትምወርቅ ገፋ አድርጎ «ይቺ የእናንተ ናት» አለ። ሥጋዋ ከሃይለማርያም ነው የተገዛው። ድስቷ አዲስ ናት፤ ከዚያ በፊት ምንም አልተሠራባትም። የሠራቻትም ለተኪዳን ናት፤ የጠሃ ባለቤት ሁሪያ እንግዶቿ እንዳይጠራጠሩ ማንኪያውን እንኳ አልነካችም። አንድ እስላም በበዓሉ ቀን፣ መስቀል በተሳለበት በር ገብቶ፣ ለእንግዳው ሥጋ ገዝቶ ወጥቷል። ፈንታሁን በላ። ጣፍጦት ሁለቴ አስጨመረ። ከትልቁ ድስት ግን አልቀመሰም፤ ያን ቀን በሬው አንድ በሬ ነው አላለም። አመሰግናለሁ ማለቱንም አያስታውስም። የሚገባው ነገር መስሎት ነበር።

«ደህና ነህ ወይ፣ ወደይ፣ ልጄ?» አለችው ለተኪዳን።

«ደህና ነኝ» ብሏት አለፈ።

ሱቁ ሞልቷል። አራቱም ጠረጴዛ ተይዟል፤ ሦስት ቆመው የሚጠብቁ አሉ። ወልደአማኑኤል ከምሳ በኋላ ተመልሶ ያው ቦታው ላይ ተቀምጧል።

«መምህር» አለ ሲያየው፣ «አሁንም ልታስተምረን ነው?»

የሳቀ ሰው ነበር። ፈንታሁን ወደ ምድጃው ቀረበ። ፎይሉ ከምድጃው ጎን ባለ በርጩማ ላይ ተከፍቷል። ቁራጩ ሙሉ ነው፤ አልተነከሰም። የቺዙ ጠርዝ ብቻ በቢላ ጫፍ ተገልጦ ወደ ኋላ ተመልሷል፣ እንደ ብርድ ልብስ፤ ከሥሩ ሥጋው ይታያል።

ጠሃ ፒዛ እየቆረጠ ነበር። ለአራት፣ እኩል እኩል። ቆርጦ ጨርሶ ለደንበኛው ሰጠና እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«እኔ አልበላሁትም» አለ፤ ድምፁ ከፈንታሁን አያልፍም። «ሽታው ነገረኝ።»

«ጠሃ፣ እኔ…» አለ ፈንታሁን።

«እሷ በልታለች?»

«በልታለች።»

ጠሃ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከፈተ።

«ያላወቀ አይጠየቅም፤ ይህን እሷም ታውቃለች። እኔ የማስበው ስለ ሌላ ነገር ነው። ይህቺን ልጅ ከትንሽነቷ ጀምሬ ያስተማርኳት አንድ ነገር ነው። ሰው ቤት ስትሄጂ አትጠየፊ፣ ግን ጠይቂ። እዚህ ቤት ሥጋ የማናስገባው ሁሉም ሰው ሳይጠይቅ እንዲበላ ነው፤ ሌላ ቦታ ግን ጠይቂ። ቅድም ይህን ከፍቼ ሳየው ጠይቀሽ ነበር ወይ አልኳት። ዝም አለች። ሦስቴ ጠየቅኳት፤ ዝም። ልጄ እንዲህ ዝም ብላኝ አታውቅም።» ቀና ብሎ አየው። «ጠይቃዎት ነበር፣ መምህር?»

ከመጋረጃው ሥር ሁለት እግር ይታያል። ነጭ ካልሲ። አይንቀሳቀስም።

ምስጢር ነው፤ ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ። ልጅቷ ቃሉን ጠብቃለች። አባቷ ፊት ጥፋተኛ ሆና ቆማ፣ ስለ ሶያ የጠየቀችውን አንዲት ጥያቄ ውጣ፣ የመምህሩን ቀልድ እንደ አደራ ይዛ ነበር።

ፈንታሁን አንድ ቃል ብቻ በቂ እንደሆነ አየ። አልጠየቀችም። ይህን ቢል ስህተት ብቻ ይሆናል፤ ሰው የሚሳሳተው ነው፤ ልጅ መጠየቅ ረስታ፣ ትልቅ ሰው መናገር ረስቶ፣ ግማሽ በግማሽ። ልጅቷም አትቃወመውም። ይህን ያለ ጥርጥር ያወቀው ከማይንቀሳቀሱት ካልሲዎች ነው።

ቤቱ ጫጫታ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሊናገር ይችል ነበር፤ ጠዋት ግን በዚህ ቤት ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«ጠይቃኛለች» አለ። ካሰበው በላይ ጮክ ብሎ ወጣ። ቅርብ ያሉት ዞሩ። «ከቺዙ ሥር ያለው ሶያ ነው ወይ አለችኝ። ምስጢር ነው፣ ለአባትሽ እንዳትነግሪብኝ አልኳት። የከለከልኳት እኔ ነኝ። ሥጋ ነበር።»

ወልደአማኑኤል ብርጭቆውን ወደ አፉ ሊወስድ አንስቶት እንደያዘው ቀረ። ከጠረጴዛዎቹ አንዱ ላይ ማውራት ቆመ፤ ከዚያ ሌላው ላይ። ማንም አልሳቀም። ወልደአማኑኤል ብርጭቆውን አስቀምጦ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረ፤ ሰው የሌላ ሰው ሐፍረት ሲያይ ዓይኑን እንደሚያሸሸው።

ጠሃ ፎይሉን ከአራቱም ጫፉ ሰብስቦ፣ ቁራጩ እንዳይበላሽ ተጠንቅቆ፣ እንደ ነበረ ጠቀለለና ወደ ፈንታሁን ገፋው።

«ጁዋይሪያ» አለ ወደ መጋረጃው ዞሮ። ድምፁ የቁጣ አልነበረም። «ሰማሁ። ሂጂ አፍሽን ተጉመጥመጪ።»

ካልሲዎቹ ከመጋረጃው ሥር ጠፉ።

«ጠሃ» አለ ፈንታሁን።

ሦስት ተማሪዎች በሩ ላይ ደረሱ። «አንድ ፒዛ፣ ለሦስት ቁረጥልን» አለ አንደኛው። ጠሃ «እሺ፣ ተቀመጡ» ብሎ ከሊጡ አንድ ድቡልቡል አነሳ፤ ዱቄት ረጨበትና በመዳፉ ያሰፋው ጀመር። ፊቱን ወደ ምድጃው መልሷል። ሂዱም አላለው፤ ቁጭ በሉም አላለው።

ፈንታሁን ፎይሉን በሁለት እጁ ይዞ መሐል ቤቱ ቆሞ ቀረ። ከመጋረጃው ጀርባ ጀሪካን ሲዘነበል፣ ውሃ ጣሳ ውስጥ ሲገባ ተሰማ። ልጅቷ ተጉመጠመጠች፤ ተፋች። ፀጥ አለ። አበቃ ብሎ ወደ በሩ አንድ እርምጃ አነሳ።

ጀሪካኑ እንደገና ተዘነበለ።